ጌጁን ማን አየ? «ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ እሳት አደጋ ሠራተኞች ሥልጠና የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ርእሱ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላል። ጸሐፊው ሥራውን የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ቱቦ ጎትተዋል፣ ጭስ ውስጥ ገብተዋል፣ ሰውም አሠልጥነዋል። ስለዚህ ተጣድፌ መልስ መስጠት አልፈለግኩም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዳንድ ቦታ ላይ «እውነታቸውን ነው» ብያለሁ። በዋናው ሐሳብ ግን አልስማማም።

ክርክራቸው ባጭሩ ይኸው። ሠልጣኝን ቱቦ እየጎተተ፣ ሬዲዮ እየመለሰ፣ ሰው እየፈለገ፣ አየሩን እየተከታተለ ማለማመድ ትርፉ ድካም ነው። የሰው አእምሮ ሁለት ነገር በአንዴ አይሠራም። እያንዳንዱን ችሎታ ለብቻው እስኪጠና ማስተማር፣ ማደባለቁን ለእሳቱ መተው ይሻላል። እውነተኛ ልምምድ እሳት ያለበት ብቻ ነው፤ ሌላው ቲያትር ነው። ድብልቅ ልምምድ ሰው ይገድላል፣ ውጤቱ አይለካም፣ ገንዘብም ይበላል። መጨረሻ ላይ «እስቲ የሚረባ አንድ ልምምድ አሳዩኝ» ብለው ይዘጋሉ። እሷን ለኋላ አቆያታለሁ።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«አእምሮ ሁለት ነገር በአንዴ አይሠራም»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ተሳስተዋል አልልም። ለማስረጃ ያመጡትም የታወቀውን የጎሪላ ሙከራ ነው። በ1999 ሳይመንስና ቻብሪስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎች ኳስ ሲቀባበሉ የሚያሳይ ቪዲዮ አቀረቡ። ተመልካቹ ቅብብሉን እንዲቆጥር ተነግሮታል። መሀል ላይ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ይገባል፣ ደረቱን ይደልቃል፣ ይወጣል። ግማሽ ያህሉ ተመልካች ጎሪላውን አላየውም።

ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «እንግዲያው መቁጠር ብቻ አስተምሩ» ይላሉ። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነው የገባኝ። ጎሪላ የሚመጣበት ሥራ ላይ ለሚሰማራ ሰው መቁጠር ብቻ ማስተማር አስፈሪ ነገር ነው።

በር ላይ የተንበረከከ አንድ ኖዝል (ውኃ የሚረጨውን የቱቦ አፍ) ያዥ እንይ። ልብሱና መተንፈሻው ብቻ ከ20 ኪሎ ያልፋል። ውኃ የሞላው 45 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየ15 ሜትሩ 24 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል፤ ቱቦውን ሳንቆጥር 24 ኪሎ። ቱቦው ማዕዘን ላይ ሲያዝ ደግሞ ግድግዳ እንደመጎተት ነው። በግራ እጁ ግድግዳ ይዳስሳል። የጓደኛውን ትንፋሽ ከኋላው መስማት አለበት፤ ካልሰማ መዞር አለበት። ጭሱ በበሩ አናት ወደ ውጭ እየገፋ ነው ወይስ ወደ ውስጥ እየተሳበ? ሬዲዮው የጠራው እሱን ነው ወይስ ሌላ ሰው? የቀረውን አየር የሚያሳየው ጌጅ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ለማየት ግን አንድ እጁን ማስለቀቅ አለበት።

ይህ ሰው ሁለት ዛፍ ላይ አልወጣም። አንድ ዛፍ ላይ ነው ያለው። ዛፉ ግን ይወዛወዛል፣ ቅርንጫፉ ይንቋቋል፣ ከታች ደግሞ ሰው ስሙን ይጠራል። አእምሮው ሁሉንም አይችልም፤ በዚህ ተስማምተናል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሲጠብበት መጀመሪያ የሚጥለው የትኛውን እንደሆነ ነው።

ሥልጠና እዚህ ጋ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛው፣ አንዳንዱን ሥራ ለእጅ አሳልፎ ይሰጣል። ፊትስና ፖስነር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1967 እንደጻፉት ክህሎት በሦስት ደረጃ ያድጋል። መጀመሪያ እያሰብክ ትሠራለህ፣ ቀጥሎ ማያያዝ ትጀምራለህ፣ በመጨረሻ ሳታስበው ይሠራል። የለመደ ሹፌር ማርሽ ሲቀይር እንደማያስበው ማለት ነው። ሁለተኛው ግን በጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ ጭራሽ የለም። ትኩረትን መቼ ከየት ወደ የት እንደሚያዞሩ ማወቅ ራሱን የቻለ፣ የሚለመድ ችሎታ ነው። ለብቻው ግን አይለመድም። የሚዞሩበት ሌላ ሥራ ከሌለ ወዴት ይዞራሉ?

ተመራማሪው ዳንኤል ጎፈርና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ መጨረሻ ይህን በኮምፒውተር ጨዋታ ፈትሸውታል። ጨዋታው ሆን ተብሎ እንዲያጨናንቅ የተሠራ ነበር። ቆራርጠው አላስተማሩትም። ሙሉውን ሰጥተው «በዚህ ዙር መርከብህን መንዳት ላይ አተኩር፣ በሚቀጥለው ፈንጂዎቹ ላይ» እያሉ ትኩረቱን ብቻ ቀያየሩ። እንዲህ የተለማመዱት ዝም ብለው ከተጫወቱት በለጡ። በ1994 በታተመው ጥናታቸው ደግሞ የእስራኤል አየር ኃይል የበረራ ሠልጣኞች 10 ሰዓት ያህል ይህንኑ ጨዋታ ተለማምደው በእውነተኛ በረራ ጨዋታውን ካልነኩት የተሻለ ውጤት አመጡ። ጨዋታው አውሮፕላን አይመስልም ነበር። ይህችን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

«አንድ በአንድ ይጥና፣ እሳቱ ያደባልቀዋል»

የመጀመሪያዋ ግማሽ ትክክል ናት። ማስኩን በቅጡ ማጥለቅ ለማይችል ሰው ሬዲዮ መጨመር ማሰቃየት ነው። ቋጠሮ ለብቻው ይለመዳል። መሰላል ማቆምም ለብቻው ይለመዳል። ኔይለርና ብሪግስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1963 ነገሩን በግልጽ ለይተውታል። ሥራው ውስብስብ ሆኖ ክፍሎቹ እምብዛም ካልተሳሰሩ ቆራርጦ ማስተማር ያዋጣል። ክፍሎቹ በጥብቅ ከተሳሰሩ ግን ሙሉውን አንድ ላይ መለማመድ ይበልጣል።

ታዲያ ቱቦ መጎተትና አየር የተሳሰሩ ናቸው ወይስ የተለያዩ? በጎተትክ ቁጥር ትተነፍሳለህ። 30 ደቂቃ የሚባለው የአየር ሲሊንደር ከባድ ሥራ ላይ 20 ደቂቃም ላይሞላ ይችላል። ሰው መፈለግና መውጫን ማስታወስስ? ጠልቀህ በገባህ ቁጥር መውጫው ይርቅሃል። እነዚህን ነጣጥሎ ማስተማር ዋናን በደረቅ መሬት እንደማስተማር ነው።

አንድ ነገር ላውራ። ማሠልጠን ስጀምር እኔም የጸሐፊው ሰው ነበርኩ። ስድስት ጣቢያ ዘረጋሁ፣ በየጣቢያው አንድ ችሎታ። ልጆቹ ቆንጆ ሠሩ። ጌጅ ማንበብ ላይ የሚሳሳት አንድም አልነበረም። በመጨረሻው ሳምንት ሁሉንም አያያዝኩት። አንዱ ጎበዝ ልጅ ቱቦ ይዞ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲገባ በሬዲዮ «አየርህ ስንት ነው?» አልኩት። ወዲያው «ሁለት መቶ!» አለ። ድምፁ ፍጹም እርግጠኛ ነው። አጠገቡ ስለነበርኩ ጎንበስ ብዬ ጌጁን አየሁት። የቀረው የአየር ግፊት 110 ባር ነው።

ልጁ አልዋሸም። ሲገባ ያየውን ቁጥር ነው የነገረኝ። ጥያቄውን ሰምቷል፣ የሚጠበቅበትን ያውቃል፣ እጁ ግን ከቱቦው አልተነሳም። ጌጅ ማንበብ አስተምሬዋለሁ። ሁለት እጁ ተይዞ ጌጅ ማንበብ ግን አላስተማርኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እሱ እስካሁን የእሱ ይመስለዋል።

«እሳቱ ያደባልቀዋል» ለሚለው ደግሞ ፊኒክስን ማየት ይበቃል። በማርች 2001 በአሪዞናዋ ፊኒክስ ከተማ በአንድ ሱፐርማርኬት ቃጠሎ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሕንፃው ውስጥ ጠፍቶ ሞተ። ከዚያ በኋላ የከተማዋ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የወደቀ ባልደረባን ከትልልቅ ሕንፃ የማውጣት ሙከራ ደጋግሞ አካሄደ። አንድ ሰው ለማውጣት በአማካይ 12 ሰውና 21 ደቂቃ ፈጀ። ከአምስት አዳኞች አንዱ ደግሞ ራሱ ችግር ውስጥ ገባ። 21 ደቂቃን ቅድም ከጠራሁት ሲሊንደር ጋር አስተያዩት። እነዚህ ሰዎች ጀማሪዎች አልነበሩም። መሳብ ያውቃሉ፣ መጎተት ያውቃሉ፣ በሬዲዮ መነጋገር ያውቃሉ። አንድ በአንድ የጠና ነገር ሲገናኝ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ አንድ ማስረጃ አለኝ ይላሉ። ሥራዎቹን ሲያደባልቁ የሠልጣኞቻቸው ውጤት ወረደ። አምናለሁ፤ የእኔም ወርዷል። በ1979 ሼይ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ሦስት ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ ለሁለት ቡድን አለማመዱ። አንዱ ቡድን አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ሄደ። ሌላው ቡድን ሦስቱን እያደባለቀ ተለማመደ። በልምምዱ ሰዓት ያደባለቁት ዘገምተኞች ነበሩ። ከ10 ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን በለጡ። ልምምድ ላይ አምሮ መታየትና መማር አንድ አይደሉም። አሠልጣኝ ሆኖ ይህን መዋጥ ከባድ ነው፤ አለቃ ጎብኝቶ የሚያየው ያችን ያማረችውን ሰዓት ነውና።

«እሳት ከሌለ ቲያትር ነው»

ዋናው ጠባችን እዚህ ላይ ነው። እውነተኛ ሲባል ምኑ እውነተኛ ይሁን?

የልምምድ ቃጠሎ ምን እንደሚመስል ጸሐፊው ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ኮንክሪት ቤት፣ የእንጨት ፓሌትና ገለባ። ሙቀቱ እውነት ነው። ላቡም እውነት ነው። ግን ሠልጣኙ እሳቱ የት እንዳለ ያውቃል፤ ትናንትም እዚያው ነበር። ደረጃውን እግሩ ቆጥሮ ይዞታል። ዱሚው (በተጎጂ ፈንታ የሚቀመጠው አሻንጉሊት) ሁልጊዜ ያው አልጋ ሥር ነው። አሠልጣኙ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ሬዲዮው ጸጥ ያለ ነው። ምን የሚወሰን ነገር ቀረ?

እሳቱም ቢሆን ውጭ የሚጠብቀው እሳት አይደለም። ዩኤል የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ምርምር ተቋም ሁለት ሳሎን ሠርቶ አቃጥሎ ነበር። አንዱ የድሮ የቤት ዕቃ፣ ሌላው የዛሬው ስፖንጅና ፕላስቲክ። የዛሬው ክፍል በ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሙሉ በሙሉ ቦግ አለ። የድሮው 29 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ወሰደበት። ፓሌትና ገለባ የሚነደው እንዳይገድል ታስቦ ተመርጦ ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ታዲያ «እውነተኛው እሳት» የቱ ነው?

የጋዝ እሳትማ የባሰ ነው። አሠልጣኙ ቁልፍ ሲጫን ይጠፋል። ውኃውን ኮርኒስ ላይ የሚረጭ ልጅ አይቻለሁ፤ እሳቱ ጠፋለት። ውኃ አግኝቶት እንዳይመስላችሁ፣ አሠልጣኙ አዝኖለት ነው። ከማሽን የሚወጣው የመድረክ ጭስም የራሱ ውሸት አለው። ቀዝቃዛ ስለሆነ እንደ ትኩስ ጭስ ጣሪያ ሥር ተነጥፎ አይቀመጥም፤ ክፍሉን እኩል ይሞላዋል። በእሱ ብቻ የተማረ ልጅ ዝቅ ብሎ ከጭሱ ሥር ማየትን አይለምድም።

ማንኛውም ልምምድ የሆነ ቦታ ላይ ይዋሻል። ልምምዱን የሚነድፈው ሰው ሥራ የት ላይ እንዲዋሽ መምረጥ ነው። የጎፈር ጨዋታ በመልኩ ሁሉ ዋሽቷል፤ በአንድ ነገር ግን አልዋሸም። በረራ አብራሪን እንደሚያጨናንቀው አድርጎ አጨናንቋል።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «እሳት አለው ወይ?» አይደለም። «እዚህ ሥራ ላይ የትኞቹ ሁለት ነገሮች ይሻማሉ?» ብዬ ነው የምጀምረው። አየርና ሬዲዮ አንድ እጅ ይሻማሉ። ጓደኛን መስማትና አዛዥን መስማት አንድ ጆሮ ይሻማሉ። ሰው መፈለግና የመጡበትን ማስታወስ አንድ ጭንቅላት ይሻማሉ። ቱቦ ማሳለፍና በር መጠበቅ አንድ ሰው ይሻማሉ። የሚሻሙትን ሆን ብዬ አገናኛለሁ፤ እዚያ ላይ አልዋሽም። የማይሻሙትን እተዋቸዋለሁ። መሰላል እያቆሙ ቋጠሮ መቋጠር ድብልቅ ልምምድ አይባልም፤ ግርግር ነው። ጸሐፊው «ሰርከስ» ብለው የሳቁበት ልምምድ ይህን ዓይነቱ ከሆነ አብሬያቸው እስቃለሁ።

ሌላው የማልዋሽበት ምልክቱ ላይ ነው። ተመራማሪው ጋሪ ክላይን በ1980ዎቹ የእሳት አደጋ አዛዦች እንዴት እንደሚወስኑ ጠይቆ ነበር። አማራጮችን ደርድረው የሚያመዛዝኑ መስሎት ነበር። እነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያመዛዝኑም። ሁኔታውን ያውቁታል፤ «ይህን አይቼዋለሁ» ብለው የመጀመሪያውን የሚሆን እርምጃ ይወስዳሉ። እንዲህ ከሆነ ሠልጣኝ ማከማቸት ያለበት ትክክለኛ ምልክት ነው። ጭስ እየገፋና እየሳበ የሚተነፍስ በር፣ ከተጠበቀው ፎቅ ያልመጣ ድምፅ፣ ሁለት ሰው የተናገረው የማይገጥም ወሬ። የማስኩ መስታወት በወረቀት ተሸፍኖ፣ ሬዲዮው እየጮኸ፣ ክፍሉ ትናንት ከነበረበት ተቀያይሮ እሳት የሌለበት ልምምድ ከአሥረኛው የፓሌት ቃጠሎ ይልቅ ወደ ሥራው ይጠጋል።

በነገራችን ላይ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2022 የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ለሰው ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጡት መደብ ውስጥ አስገብቶታል። የልምምድ ጭስም ጭስ ነው። ሳያስፈልግ ማቃጠል «ቲያትር አይደለም» ለማለት ብቻ የሚከፈል ከባድ ዋጋ ነው።

«ድብልቅ ልምምድ ሰው ይገድላል»

የጽሑፋቸው ጠንካራው ክፍል ይህ ነው። ሦስት አደጋ ይጠቅሳሉ፤ ሦስቱም እውነት ናቸው። በ1982 በኮሎራዶዋ ቦልደር ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች በልምምድ ቃጠሎ ሞቱ። ኤንኤፍፒኤ 1403 የተባለው የአሜሪካ የቃጠሎ ልምምድ መመሪያ በ1986 የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2001 በኒውዮርክ ግዛት ሌርድስቪል ውስጥ ተጎጂ ሆኖ እንዲተኛ የተደረገ አዲስ አባል ሞተ። መመሪያው እኮ ሕይወት ያለው ሰው ተጎጂ ሆኖ እንዲተኛ አይፈቅድም። በ2007 ደግሞ ባልቲሞር ውስጥ አንዲት ሠልጣኝ በአሮጌ ቤት፣ በብዙ ቦታ በተለኮሰ እሳት ሞተች።

እነዚህን ሰዎች የገደላቸው ሬዲዮ መመለስ አይደለም። ጌጅ ማየትም አይደለም። እሳት ነው። «እውነተኛ ይሁን» ተብሎ የተጨመረ እሳት። እንደኔ ከሆነ እነዚህ ሦስት ታሪኮች ከጸሐፊው ሦስተኛ ነጥብ ጋር ነው የሚጣሉት።

የእኔ ሕግ አንዲት ናት። የጭንቅላቱ ጫና ሲጨምር ሙቀቱ ይቀንሳል። ሁለቱ አብረው አይወጡም። አዲስ ሽሚያ ሳስተምር እሳት የለም፣ ከባድ ዱሚ የለም፣ ሦስተኛ ፎቅ የለም። እሳት ያለበት ቀን ደግሞ ሥራው የለመዱት ብቻ ይሆናል፤ ያልተነገረ ነገር አይጨመርም።

ልብም አለ። በ2007 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት በሥራ ላይ ከደረሱት የልብ ሕመም ሞቶች 32 በመቶው እሳት ማጥፋት ላይ መሆኑን አሳይቷል። እሳት ማጥፋት ግን ከሠራተኛው ጊዜ ከ1 እስከ 5 በመቶ ነው። ስለዚህ በዙር መሀል ኮት ይወልቃል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። «ወንድ ከሆንክ ቀጥል» የሚል አሠልጣኝ ልምምድ መንደፍ አይችልም ባይ ነኝ።

እግረ መንገዴን ስለ ጩኸት። ጸሐፊው «ጫና ከፈለጋችሁ ጆሮው ላይ ጩኹበት» ይላሉ። የአሠልጣኝ ጩኸት መረጃ የለውም። ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጩኸትን ችላ ማለት። ነገ የሚጮኸው ደግሞ የአየር ማለቂያ ፊሽካው ነው፣ ወይም 30 ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ጓደኛው ላይ ያለው ማንቂያ። ድምፅ ይኑር፣ ግን እያንዳንዱ ድምፅ መልስ የሚፈልግ ይሁን።

«አይለካም»

በሰዓት ብቻ ለመለካት ካሰቡ አዎ፣ አይለካም። ሰዓት ለመግቢያ ፈተና ጥሩ ነው። በአሜሪካ ብዙ ቦታ የሚሰጠው የአመልካቾች የአካል ብቃት ፈተና ስምንት ሥራ አለው፤ 22 ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን ሰደርያ ለብሶ በ10 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ መጨረስ ያስፈልጋል። አለፍክ ወይም ወደቅክ። ድብልቅ ልምምድ ላይ ግን ሰዓቱ ያጭበረብራል። ጌጁን ያላየው ልጅ ፈጥኖ ይጨርሳል!

እኔ የምመዘግበው የተጣለውን ነው። ስንት የሬዲዮ ጥሪ መልስ ሳያገኝ ቀረ? የነገረን አየርና ጌጁ ላይ ያለው በስንት ባር ተለያየ? ሲወጣ ስንት ቀረው? በሩ በየደቂቃው ክፍት ነበር ወይስ ገርበብ ያለ? አንድ ሰው ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ ቢቆም ይበቃል። ሌላ ዘዴም አለ፤ አብራሪዎች ላይ የተጀመረ ነው። መሀል ላይ «ቁም!» ትላለህ። ሁሉም ባለበት ይደርቃል። ጌጁን በእጅህ ትሸፍንና ትጠይቃለህ። አየርህ ስንት ነው? ጓደኛህ የት ነው? መውጫው በየት በኩል ነው፣ በእጅህ አሳየኝ። ከዚያ እጅህን ታነሳለህ። 110 ባር ሆኖ ሁለት መቶ ያለው ልጅ ያን ቀን ይህ ቢደረግለት ኖሮ ከእኔ ምንም ንግግር አያስፈልገውም ነበር።

ስለ ወጪው ብዙ አልልም። ባዶ ክፍል፣ የተጣለ የቤት ዕቃ፣ የሥራ ሬዲዮ፣ የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውት ስልክ። ውዱ ነገር አሠልጣኙ ከዋዜማው ቁጭ ብሎ የሚያስብበት ሁለት ሰዓት ነው።

«አንድ ልምምድ አሳዩኝ»

እነሆ።

ሦስት ክፍል ያለው ባዶ ቤት። ወንበርና አልጋ ተበታትኖ። እሳት የለም፣ ማስኩ በወረቀት ተሸፍኗል። አራት ሰው። ሁለቱ ውኃ የሞላ ቱቦ ይዘው ሰው ፍለጋ ይገባሉ። ሦስተኛው በር ላይ ሆኖ ቱቦ ያሳልፋል፤ በሩን ደግሞ ቱቦው ከሚፈልገው በላይ እንዳይከፈት ይጠብቃል። ክፍት በር ማለት ለእሳቱ አየር ማለት ነው። አራተኛው ውጭ ሆኖ በሬዲዮ ያዛል። የተነገራቸው አንድ ሰው ውስጥ እንዳለ ብቻ ነው። የቆመው ወረቀት ያዥ አምስተኛ ነው፤ የአካል ደኅንነት የሚከታተል ስድስተኛም አለ። «ቁም» የሚለውን ቃል ማንም፣ ሠልጣኙም ጭምር፣ ማለት ይችላል።

በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ቱቦው ማዕዘን ላይ ሲያዝ ጠብቄ በሬዲዮ አየር እጠይቃለሁ። በአምስተኛው ላይ አዛዡ ጋ አንድ ጎረቤት ይመጣና «የምትፈልጉት ሰው ወጥቷል መሰለኝ» ይላል። መሰለኝ ነው ያለው፤ አዛዡ ምን ያድርግ? በስድስተኛው ላይ ማንም ካልነገራቸው ክፍል፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ ሰው ያስላል። ስልኬ ነው የሚያስለው።

ሦስት ዙር ነው። በመጀመሪያው ለሁሉም «ዛሬ ዋናው አየር ነው፣ ፍለጋው ቢዘገይም ግድ የለም» እላለሁ። በሁለተኛው «ዋናው ፍለጋው ነው»። በሦስተኛው ምንም አልልም። የክፍሎቹ ዕቃ በየዙሩ ይቀያየራል።

ይህን ብዙ ጊዜ አሠርቻለሁ። የሚገርመው ስህተቱ ወደ ቤቱ ከገቡት አይመጣም። ሳሉ ሲሰማ በሩን የያዘው ልጅ ነው የሚነሳው። ድምፁ ለእሱ ነው የቀረበው፤ ሰው ደግሞ እየሳለ ነው። ቱቦውን ይለቃል፣ ሁለት እርምጃ ይገባል፣ በእጁ ይዳስሳል። ጥሩ ልብ ያለው ልጅ ነው ይህን የሚያደርገው። እኔ «ቁም!» እላለሁ። ሁሉም ይደርቃል። አጠገቡ እሄድና ስለ ሳሉ አንድም ቃል ሳልናገር እጠይቀዋለሁ።

«በሩ አሁን እንዴት ነው ያለው?»

መልስ አይሰጠኝም። ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ይዞራል።